ሽማግሌ የተላከብኝ በመኪና ቁልፍ ነው

ልጄ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሽማግሌ ወደ ቤታችን ይመጣል ብዬ መጠበቅ ከጀመርኩ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል። ሦስት ነጭ የለበሱ ሰዎች ደረጃውን ሲወጡ፣ ደጃፍ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ እኔም ምንም እንዳልጠበቀ ሰው ነጠላዬን ሳስተካክል በሐሳቤ ስንቴ አይቼዋለሁ። ባለፈው መስከረም፣ ከመስቀል በኋላ በዋለው እሁድ፣ በእርግጥም መጡ። ሦስት ናቸው፤ ነጭ ለብሰዋል፤ ጉሮሯቸውንም ጠርገዋል። የላከቻቸው ግን ልጄ ራሷ ነበረች፣ የተላኩትም እኔ ላይ። የመኪናዬን ቁልፍ እንዳስረክብ ሊለምኑኝ ነው የመጡት።

የምንኖረው ሰሚት፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም፤ ሽማግሌዎቹ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ትንሽ ጠበቅን። አንደኛው ነፍስ አባቴ ናቸው። ሁለተኛው የእድራችን ሰብሳቢ፣ ሦስተኛው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም። ልጄ ሰዎቿን አሳምራ ነው የመረጠችው። አንዱን ባስቀይም ነፍሴ፣ ሁለተኛውን ባስቀይም ቀብሬ፣ ሦስተኛውን ባስቀይም ትዳሬ ይነካል። እሷ ራሷ አልመጣችም፤ ኤርፖርት ሥራ ላይ ነኝ ብላ ስልኳን ዘግታለች።

«ተቀመጡ እንጂ» አልኳቸው።

«እሺ በይንና እንቀመጣለን» አሉ የባለቤቴ ወንድም።

«ምኑን ነው እሺ የምለው?»

«መጀመሪያ እሺ በዪ።»

«ሠላሳ ዓመት ካርጎ ስሠራ ያላነበብኩትን ወረቀት ፈርሜ አላውቅም። ንገሩኝና እሺ ወይ እምቢ እላለሁ።»

የእድሩ ሰብሳቢ ቃሉን ወሰዱ። ቀብር ላይ የሚናገሩበትን ድምፅ ነበር ይዘው የመጡት። «ልጅዎ ጭንቅ ገብቷታል። ጉልበትዎን ኦፕራሲዮን ከሆኑ ገና አራት ወርዎ ነው። ዕድሜም አለ። መኪናዋም ብትሆን ክረምቱን ሙሉ ቆማ ሞታለች። ትሸጥና እናቴ በሰው መኪና እንደ ንግሥት ትሂድልኝ ነው የምትለው ልጅቱ።»

ደሜን ያፈላው ያ ንግሥት የሚለው ቃል ነው። ንግሥት የምትሄደው የወሰዷት ቦታ ነው። እኔ ደግሞ ሲወስዱኝ ነው የኖርኩት።

መንዳት የተማርኩት በአርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ዕድሜዬ በመሥሪያ ቤት ሰርቪስ ነው ያለቀው። ሐምሌ ነው አይባል ነሐሴ፣ ጎህ ሳይቀድ ጉርድ ሾላ አስፋልት ዳር ጃንጥላ ይዤ እቆማለሁ፤ ሰርቪሱ አንድ ደቂቃ አይጠብቅም። ስመለስ መንገድ ላይ ውረጂ ብላ ነፍሴ ብትለምነኝ ሹፌሩ ያልተፈቀደ ቦታ አያቆምም። ቤት ስገባ ልጅ አለ፣ ባል አለ፣ እንግዳ አለ። አንድ ቀን ተነሥቼ መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ሄድኩ። እዚያ የነበረው ሰውዬ «ለልጅዎ ሊያስመዘግቡ ነው?» አለኝ። «ለራሴ ነው» አልኩት። ሁለት ጊዜ ወድቄ በሦስተኛው አለፍኩ። ትንሿን ነጭ መኪናዬን በደመወዜ ስገዛ ዘመድ ሁሉ «ባልሽ ይንዳልሽ» አለኝ፤ ባለቤቴ መንዳት አይችልም፣ ልማር ብሎም አያውቅም። እኔ ግን ገብቼ በሩን ስዘጋ ማንም ምንም አይጠይቀኝም። ቀኝ ልታጠፍ ግራ የምወስነው እኔ ነኝ። ለሌላው ሰው ይህ ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። ለእኔ ቁልፉን መስጠት ማለት ተመልሶ አስፋልት ዳር ቆሞ ሰው መጠበቅ ነበር፤ ይህንን ደግሞ በቁሜ አላደርገውም።

ይሁንና ሽማግሌ እምቢ አይባልም። ነፍስ አባቴ ቆመው፣ ሰብሳቢው ቆመው፣ እኔ ደግሞ ከዘራዬን ይዤ ቆሜ፣ ሁላችንም በቆምንበት ሊመሽብን ነው። ስለዚህ ተደራደርኩ።

«መኪናዋ ሞታለች ነው የምትሉኝ» አልኩ። «እሺ። የዛሬ ሳምንት ከቅዳሴ መልስ ኑ። ማንም ሳይገፋልኝ፣ ከሌላ መኪና ሳልዋስ፣ መካኒክ ሳልጠራ ባትሪዋን በገዛ እጄ አስተካክዬ ካስነሣኋት ቁልፉ የእኔ ነው፤ ውሾን ያነሣ ውሾ ይሁን። ካልተነሣች በሁለት እጄ ለልጄ አስረክባለሁ።»

የባለቤቴ ወንድም ሳቁ። «እሷ ናት ባትሪ የምትፈታው?»

«እኔ ነኝ።»

ነፍስ አባቴ «ነገሩ ፍርድ አለው» አሉና ተቀመጡ። እሳቸው ሲቀመጡ ሌሎቹም ተቀመጡ። ባለቤቴ ዳቦና ለስላሳ አቀረበ። በዚህ ሁሉ መሐል እሱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላል፤ እሱንም በዓመት አንዴ ነው የሚለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አልደብቅም። ባትሪውን ወደ ፊት ያመጣሁት አውቄ ነው። ስለ ባትሪ ሲያወሩ ስለ ጉልበቴ እንዳይጠይቁኝ ብዬ ነው። መኪናዬ ማኑዋል ናት፤ ፍሪሲዮኑ የሚረገጠው በግራ እግር ነው፤ የተቀደደው ደግሞ የግራ ጉልበቴ ነው። ፍሪሲዮኑን ይቻለው አይቻለው እኔም አላውቅም ነበር። አውቶማቲክ ግዢ የሚሉኝ አሉ፣ መኪና እንደ መና ከሰማይ የሚወርድ ይመስል። ለማንኛውም ሽማግሌዎቹ ስለ ባትሪ ተስማምተው ሄዱ፤ ጉልበቴን ከዚያ በኋላ ማንም አላነሣም።

ሰኞ ጠዋት ደረጃውን አንድ በአንድ ወረድኩ። መኪናዋ ከሰኔ ጀምሮ በቆመችበት፣ ግንቡ ሥር፣ ሸራ ለብሳ አለች። ሸራውን ስገልጠው የክረምቱ ሽታ ወጣ። ቁልፉን ባዞር ምንም የለም፤ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት መብራት እንኳ ብልጭ አላለችም። ኮፈኑን ከፈትኩ። የባትሪው ሁለቱ ራሶች ነጭና አረንጓዴ ነገር አብቅለው ሻጋታ የያዘ ዳቦ መስለዋል።

የግቢው ጥበቃ ሲያየኝ እየሮጠ መጣ። ሐኪም ቤት ስገባ ባለቤቴ ቁልፉን ለእሱ ሰጥቶት ነበር፤ በሳምንት አንዴ እያስነሣ እንዲያሞቃት።

«ታስነሣት ነበር?» አልኩት።

«ኧረ እትዬ! የሰው ቤንዚን ላቃጥል? እኔ ቁልፉን ዞር አድርጌ ሬዲዮ ብቻ ነው የከፈትኩት። ስፖርት ስሰማ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ፕሮግራሙ ባለ ቁጥር።»

«ፕሮግራሙ መቼ መቼ ነው ያለው?»

«በየቀኑ ነዋ።»

«ሞተሩ ጠፍቶ?»

«ጠፍቶ! ቤንዚንዎ አንዲት ጠብታ አልጎደለችም» አለኝ፣ ምስጋና እየጠበቀ።

እውነቱን ነው፣ ቤንዚኑ አልጎደለም። ልቆጣው አፌን ስከፍት ሳቄ ቀደመኝ። ደግሞስ በምን አፌ እቆጣለሁ? ሆስፒታል ከመግባቴ በፊት የባትሪውን አንዷን ማሰሪያ ፈትቼ ብሄድ ሬዲዮውም ባልጮኸ፣ ባትሪውም ባልሞተ። ያን ጊዜ ግን የማስበው ስለ ማደንዘዣው ነበር፤ ነቅቼ እወጣ ይሆን ወይ እያልኩ።

አሮጌውን ባትሪ ሳልሞክረው አልጥልም ብዬ ተነሣሁ። በፈላ ውሃ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጬ፣ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ ያንን አረንጓዴ ነገር ፈተግሁት። አረፋው እየፈላ ሲወርድ ደስ ይላል። ከዚያ ላዩ ላይ ያሉትን ስድስት ክዳኖች ከፈትኩ። ውስጡ ያለው ውሃ ቀንሶ ብረቶቹ ራቁታቸውን ቀርተዋል። ከሰፈር መለዋወጫ ሱቅ የባትሪ ውሃ ገዝቼ ነበር፤ ባለ ሱቁ የቀዳልኝ ምንም ባልተጻፈበት የውሃ ፕላስቲክ ነው። ከወጥ ቤት መደርደሪያ አምጥቼ ስድስቱንም ሞላኋቸው። ከታች ፎቅ ካለ ጎረቤት ቻርጀር ተውሼ የጥበቃው ቤት ሰካሁት፤ ጥበቃው ንስሐ እንደገባ ሰው ሁለት ቀን ሙሉ አጠገቡ ተቀመጠ።

ሮብ ከሰዓት መልሼ አሰርኩትና ቁልፉን አዞርኩ። ጠቅ አለ። አንዴ ጠቅ፣ ከዚያ ምንም። የባለቤቴ ወንድም ሳቅ ጆሮዬ ላይ መጣ። የመጨረሻ ቀኔ እሁድ ነው፤ እጄ ላይ ያለው ጠቅ የሚል ድምፅ ብቻ ነው። ኮፈኑን እንዲህ በኃይል ዘግቼው አላውቅም።

ሐሙስ ባትሪውን ፈትቼ በባጃጅ ወደ ጉርድ ሾላ ይዤው ሄድኩ። እዚያ ባትሪ ብቻ የሚሸጥና የሚጠግን አንድ ቤት አለ። ባለቤቱ የወሎ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያችን እኩል ሳይሆን አይቀርም፤ ነጭ ኮፍያቸው ከዚያ ሁሉ አሲድና ቅባት መሐል እንዴት ንጹሕ እንደሆነ እንጃ። ባትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው አንዱን ክዳን ከፈቱና በብርጭቆ መምጠጫ ውሃውን ስበው ወደ ብርሃን አነሡት። አዩት፣ እኔንም አዩኝ።

«ምን ጨመሩበት?»

«የባትሪ ውሃ።»

«ይሄ የባትሪ ውሃ አይደለም። ዝቃጭ አለው። አመድ ይመስላል።»

አመድ ሲሉ ክው አልኩ። ከሆስፒታል የወጣሁ ሰሞን ነፍስ አባቴ በውሃ ፕላስቲክ ጸበል አምጥተውልኝ ነበር። እምነት፣ ያንን የዕጣን አመድ፣ በጥብጠውበት፣ ጉልበቴን ጠዋትና ማታ እንድቀባበት። ከራስጌዬ ነበር የማስቀምጠው። ልጄ ለመስቀል ቤት ስታጸዳ ያገኘችውን ፕላስቲክ ሁሉ ሰብስባ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ደረደረችው። እኔም የገዛሁትን የባትሪ ውሃ እዚያው አኖርኩት፤ ሰኞ ጠዋት ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ቆመው ነበር። ጸበሉን ለባትሪው ሰጥቼዋለሁ። እኔ ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ በስመ አብ እያልኩ ጉልበቴን ያሸሁት በባትሪ ውሃ ነው።

መናገሩ አሳፈረኝ፤ ግን ነገርኳቸው። መምጠጫውን አስቀምጠው ጠረጴዛውን ይዘው ሳቁ። እንባቸውን በክንዳቸው ጠረጉ።

«እትዬ፣ ዘምዘምም ቢሆን እኮ ባትሪ አያስነሣም!» አሉኝ። ከዚያ ኮስተር ብለው «አሲድ የለበትም፣ የተጣራ ውሃ ነው፣ አይፍሩ። ጉልበትዎስ?»

«እሱስ ሳይሻለው አልቀረም» አልኳቸው። እንደገና ሳቅን።

በጸበሉ ማሳበብ ግን አልችልም፤ ባትሪው መጀመሪያውኑ ሞቶ ነበር። ባዶውን ክረምቱን ሁሉ ከቆመ በኋላ ነፍስ የሚዘራበት ነገር እንደሌለ ነገሩኝ። አዲስ መረጥኩ። አሮጌውን ሌሎቹ ከተከመሩበት ሊጥሉት ሄደው ተመለሱ። «ይሄንን ለብቻው አኖረዋለሁ። የሰው ሃይማኖት ያለበትን ከሌላው ጋር አልደባልቅም» አሉና መደርደሪያው አናት ላይ አስቀመጡት። እኔ እንኳ አላሰብኩትም ነበር።

ከዚያ አስተማሩኝ። ሲፈታ መጀመሪያ ኔጌቲቩ፣ ሲታሰር መጀመሪያ ፖዘቲቩ። ካሰሩ በኋላ ራሱን ቫዝሊን መቀባት፣ ያ አረንጓዴ ነገር እንዳይመለስ። ለረጅም ጊዜ የምትቆም ከሆነ ኔጌቲቩን ፈትቶ መተው። «አምስት ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋት ደግሞ አይረባም» አሉኝ። «ለመነሣት ያወጣውን ጉልበት እንኳ አይተካም። በሳምንት አንዴ ግማሽ ሰዓት መንዳት ነው መድኃኒቱ። አሁን ሰው ልላክልዎትና ይግጠምልዎት።»

«አይሆንም። ሽማግሌ ተልኮብኛል» አልኳቸውና ነገሩን አወራኋቸው።

«በመኪና ቁልፍ?» አሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «በሉ አላህ ያግዝዎት፤ ኔጌቲቩን እንዳይረሱ።»

ቅዳሜ ልገጥመው ወረድኩ። ጥበቃው ባትሪውን ተሸክሞ ኮፈኑ ድረስ አደረሰልኝ፤ ከዚያ በኋላ እጁን ኪሱ ውስጥ እንዲያደርግ ነገርኩት። በረንዳው ሁሉ ሰው ሆነ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንዲት ሴት ኮፈን ከከፈተች የማያውቅ ወንድ የለም። «ቀዩን ቀድሚ!» ይላል አንዱ። «ኧረ ጥቁሩን!» ይላል ሌላው። አንዱ ደግሞ ከአራተኛ ፎቅ «እትዬ ይተውት፣ ኮረንቲ ይይዝዎታል!» ብሎ ይጮኻል። «የሚያውቅ ሰው ወርዶ ያሳያል፤ ከፎቅ የሚጮኸው የማያውቀው ነው» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ማንም አልወረደም። በአስር ቁጥር ቁልፍ ፖዘቲቩን አጠበቅሁ። ኔጌቲቩን ሳስር ትንሽ ብልጭታ ወጣና በረንዳው ሁሉ «ኡ!» አለ፤ እኔም ደንግጫለሁ፣ ግን አላሳየኋቸውም። ቫዝሊኑን በጣቴ ቀባሁ። ገብቼ ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ በአንዴ ተነሣ፤ እኔም ብቻዬን ጮኽኩ።

ከዚያ በሩን ዘጋሁና እውነተኛውን ፈተና ሞከርኩ። ግራ እግሬን ፍሪሲዮኑ ላይ አኖርኩ። ረገጥኩት። የገባኝ ሕመም ከጉልበቴ ተነሥቶ ዳሌዬ ድረስ ደረሰ። ለቀቅሁት። ደግሜ ረገጥኩት። አስር ጊዜ ረገጥኩት፤ በስድስተኛው እግሬ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በአስረኛው ግን እስከ መጨረሻው ወረደልኝ። ይችላል፤ እያመመው ይችላል። ሞተሩን አጥፍቼ ፊቴን በነጠላዬ ጠረግሁ። ባለቤቴ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆሞ ወደ ታች ያያል።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሦስቱም መጡ፤ አሁን ልጄም አብራ መጣች። ወደ መኪናዋ ከመሄዳችን በፊት ነፍስ አባቴን ገለል አድርጌ የጸበሉን ነገር ነገርኳቸው።

«በድፍረት ነው በስሕተት?» አሉኝ።

«በስሕተት ነው አባ።»

«ባትሪው የት ወደቀ? ሰው በሚረግጥበት እንዳይደፋ።»

«ባትሪ ጠጋኙ ለብቻው አስቀምጦታል። እስላም ነው፤ ሳልጠይቀው ነው ያሰበው።»

«ጨዋ ሰው ነው» አሉ። መስቀላቸውን አሳለሙኝ። «ሌላ አመጣልሻለሁ። አሁን አስነሺ።»

ገባሁ፤ ቁልፉን አዞርኩ፤ ተነሣች። ከበረንዳው እልልታ ተሰማ፤ ትናንት ይይዝዎታል ያለኝ ሰውዬ ከሁሉ በላይ አጨበጨበ። ጥበቃው ድሉ የእሱ ይመስል ዘለለ። የባለቤቴ ወንድም ኮፈኑ ላይ እጃቸውን አሳርፈው «እንግዲህ ተነሥታለች» አሉ። ፊታቸው ላይ ትንሽ ቅሬታ አየሁ፣ ደስ አለኝ። ሰብሳቢው «እንግዲያው ነገሩ እዚህ ላይ ይዘጋል» ማለት ሲጀምሩ ልጄ ጮኸች።

«ባትሪው አይደለም እኮ! ጉልበቷን ማን ጠየቃት? እናንተን የላክኋችሁ ስለ ባትሪ ነው?»

ሰብሳቢው ወደ ነፍስ አባቴ፣ ነፍስ አባቴ ወደ መሬት ተመለከቱ። የጠየቁት የተሳሳተ ጥያቄ መሆኑ የገባቸው ያን ጊዜ ነው፤ እኔ ግን ካለፈው እሁድ ጀምሮ ገብቶኝ ነበር። «ቃል ተሰጥቷል ልጄ፤ ቃል ደግሞ ቃል ነው» አሉ ሰብሳቢው በመጨረሻ። ልጄ አየችኝ። ስታድግ ውሸት ስትናገር እኔ የማያትን አስተያየት ነው ያየችኝ። አሸንፌ ነበር፤ ማሸነፌ ግን ደስ አላሰኘኝም። ሞተሩን ግን አላጠፋሁም።

ባለቤቴ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ከሰዎቹ መሐል ወጥቶ፣ በሩን ከፍቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «ግማሽ ሰዓት መነዳት አለባት አላልሽም?» አለኝ። ማርሽ አስገባሁና ከግቢው ወጣሁ።

እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ደህና ነበር። ከዚያ መንገዱ ተዘጋጋ። እሁድም ሆኖ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው አንድ ላይ ፈሷል። ትሄዳለህ፣ ትቆማለህ፣ ትሄዳለህ፤ በእያንዳንዱ መቆም ፍሪሲዮን አለ። ጉልበቴ ይነድዳል። ጉርድ ሾላ መስቀለኛው ጋ ስደርስ እግሬ ተንቀጠቀጠና ቶሎ ለቀቀ፤ መኪናዋ ዘልላ ጠፋች። ከኋላ ክላክሱ አንድ ላይ ጮኸ። የሚኒባስ ሹፌር ራሱን በመስኮት አውጥቶ «እማማ፣ ቤትዎ ገብተው አይተኙም?» አለኝ።

«አንተ ግባና ተኛ!» አልኩት። ቁልፉን አዞርኩ፤ አዲሱ ባትሪ አላሳፈረኝም፣ በአንዴ ተነሣች። አሻግሬ ከሱቆቹ ፊት ጥግ ያዝኩና የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ።

ባለቤቴ ወደ ፊት እያየ «ያማል?» አለኝ።

«ያማል።»

«አውቃለሁ። ቅዳሜ አይቼሻለሁ፤ አስር ጊዜ ስትረግጪው ቆጥሬያለሁ።»

«ታዲያ ለምን ለሽማግሌዎቹ አልነገርክብኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለ። ቀጥሎም «ጉልበቱ ያንቺ ነው። የምትናገሪው አንቺ ነሽ» አለኝ።

አርባ ዓመት አብሬው ስኖር እንደዚያ ቀን የረዳኝ ትዝ አይለኝም፤ እንደዚያ ቀንም በራሴ አፍሬ አላውቅም። ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ቁልፌን የጠበቅሁት ብርጭቆ ሰብሮ ምንጣፍ ሥር እንደሚደብቅ ሕፃን ነው። መንዳት መብቴ ከሆነ ያመመኝን መናገርም መብቴ ነው፤ አመመኝ ስላልኩ ቁልፌን የሚቀማኝ ካለ ደግሞ ይምጣና ይሞክር። ስልኬን አውጥቼ ልጄ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ! የት ናችሁ?»

«ጉርድ ሾላ። ስሚኝ፣ አታቋርጪኝ። ጉልበቴ ያማል። ፍሪሲዮን ስረግጥ ይንቀጠቀጣል። አሁን መንገድ ላይ ጠፍታብኝ ነበር።»

ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ትንፋሹን እንደሚስብ ረጅም ትንፋሽ ስትስብ ሰማሁ። «አውቅ ነበር» አለች፤ ድምፅዋ ተሰባበረ።

«ታውቂ ነበር፤ አሁን ግን ከእኔ ስሚው። ሐኪሙ ያዘዘውን ስፖርት ሳልሠራ የቀረሁበት ቀን ብዙ ነው፤ ከነገ ጀምሮ እሠራለሁ። መንገድ ሲዘጋጋ አልወጣም። ሲያመኝ ጥግ ይዤ አርፋለሁ። የማልችልበት ቀን ይመጣል፣ ሞኝ አይደለሁም። ያን ቀን ቁልፉን ራሴ ቤትሽ ድረስ አመጣልሻለሁ። ቀኑን የምነግርሽ ግን እኔ ነኝ። እድርም፣ ቄስም፣ የአባትሽ ወንድምም አይነግሩሽም። ገባሽ?»

«ገባኝ» አለች። አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማኋት። «እንግዲያው አሁን መኪናዋን እዚያው አቁሚያት። እንዴት ትመለሳላችሁ? መጥቼ ልውሰዳችሁ?»

ባለቤቴን አየሁት። ፈትቶት የነበረውን የመኪናዋን ቀበቶ መልሶ እያሰረ ነበር።

«እየነዳሁ» አልኳት።